ላሞቻችንን ስሎ ቤታችንን የዘለለው ሰዓሊ

ሞተ አሉ። ባጃጅ ተራ ቆመን ሰው ስንጠብቅ ከአንዱ ልጅ ራዲዮ ነው የሰማሁት። ጋዜጠኛዋ ድምጿን አለስልሳ፣ «የሀገራችንን መልክ በሸራ ያኖሩልን፣ በዓይናቸው ካዩት በቀር አንድም ነገር ያልሳሉት አንጋፋው ሰዓሊ» እያለች ታነባለች። ከስር ዋሽንት አስገብተውለታል። ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። ጋሽ ዘርይሁንን ሱሉልታ ውስጥ በባጃጅ ሲያመላልስ የኖረው እኔ እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል።

«ገሜ፣ ነፍስ ይማር ነው የምንልህ ወይስ እንኳን ደስ ያለህ?» አለኝ አንዱ።

«ወረፋህ ደርሷል፣ ሰው ጫን» አልኩት።

ግን «ካዩት በቀር ያልሳሉት» የምትለዋ ነገር እስከ ማታ ከነከነችኝ። ሌላውን ይበሉ፣ ግዴለም። ትልቅ ሰዓሊ ነበር፣ አልክድም። ባንክ ቤት ግቡ፣ ሆቴል ግቡ፣ የግድግዳ ካላንደር ግለጡ፣ የሱ ሜዳ አለ። ህዳር ላይ የቢጫ ሳር ሜዳ፣ ከኋላ ሰማያዊ እንጦጦ፣ መሀል ላይ ሦስት ላሞች። ሰው ሁሉ እሱን አይቶ «አይ ሀገሬ!» ይላል። ያ ሜዳ የአባቴ ሜዳ ነው። ላሞቹም የኛ ናቸው። እኔ ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፣ ስለ ስዕል የማውቀው እሱ የነገረኝን ብቻ ነው። ስለዛ ሜዳ ግን ማንም ተነስቶ አያስተምረኝም።

እሱ እሱ ስል ባለጌ እንዳልመስላችሁ። ድሮ አንቱ ነበር የምለው።

መጀመሪያ ቀን የያዘኝ አስፋልቱ ዳር ነው። ረጅም ሰውዬ፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ ያደረገ፣ ሦስት እግር ያለው የእንጨት ማቆሚያ ተሸክሟል። ቀያሽ መስሎኝ ነበር። ያኔ ቀያሽ እኛጋ አይወደድም፣ ልለፈው ብዬ ነበር። እጁን ሲያነሳ ግን የሱሪውን ግራ እግር አየሁት። ብሩሹን የሚጠርገው ግራ ጭኑ ላይ ነው፤ አረንጓዴ በሰማያዊ በቢጫ ላይ ተጋግሮ ደርቆ፣ ግራ እግሩ ለብቻው ሱሉልታን አክሏል። ቀኙ ንጹህ ሱሪ ነው። ሳቄ መጣና ቆምኩ።

ከዛ በኋላ ደንበኛዬ ሆነ። ጠዋት ከተማ ካለው ቤቱ ወስጄው ከሰዓት እመልሰዋለሁ። ስራ ከሌለኝ እዛው ሳሩ ላይ ጋደም ብዬ አየዋለሁ። ሲስል ዝም ብሎ አይስልም፣ ከደመና ጋር ይጣላል። ደመናው ፀሐይዋ ላይ ሲመጣ ብሩሹን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ «አንተ! ቁጭ በል! ገና አልጨረስኩም!» ይላል። አንዴ በዛ የሚያልፍ ድርቆሽ የተሸከመ ሰው እሱን የተቆጣው መስሎት፣ ደንግጦ ከነሸክሙ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሼባው ዞር ብሎ አየውና፣ «ጎሽ፣ እንደሱ ሁን» ብሎት ስዕሉን ቀጠለ። ሰውዬው ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ አላውቅም፣ እኔ ከሳቅ ስመለስ የለም።

አንድ ቀን ጠራኝና፣ «እንጦጦ ምን ዓይነት ቀለም አለው?» አለኝ።

«አረንጓዴ ነዋ። ባህር ዛፍ አይደል?»

«የምታውቀውን አልጠየቅኩህም። የምታየውን ንገረኝ።»

አየሁት። ሰማያዊ ነው! ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ። እዛ ተራራ ስር ተወልጄ፣ ከሱ የሚወርደው ብርድ እየበላኝ ሃያ ምናምን ዓመት ኖሬ፣ ሰማያዊ መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት። እንዴት እንደሆንኩ አልነግራችሁም። ባጃጅ እየነዳሁ ወደ ከተማ ስመለስ ሁሉም ነገር ሌላ ሆነብኝ፤ አስፋልቱ ሐምራዊ፣ የሰው ፊት ላይ ብርቱካን። ለጓደኞቼ ስነግራቸው «ገሜ ምን ቅሞ መጣ?» ብለው ሙድ ያዙብኝ። ግድ አልነበረኝም። አስተማሪ አግኝቼ አላውቅም ነበር፣ ያገኘሁ መሰለኝ።

ብዙ ያወራኝ ነበር። «ድሮ ሰዓሊ ቅዱሳንና ንጉሥ ነበር የሚስለው፣ መሬቱን ማንም ዞር ብሎ አላየውም» ይለኛል። «እኛ ደግሞ ውጭ ተምረን መጣንና የሰው ሀገር በረዶ ስንስል ከረምን። አንድ ህዳር እዚህ መጣሁ። ይሄን ሳር አየሁት። በቃ። ሀገሬ ምን እንደምትመስል ያን ቀን አወቅኩ።» ከአዲስ አበባ ተማሪዎቹን በሚኒባስ ጭኖ ያመጣቸዋል። ሃያ ልጅ ተደርድሮ የአባቴን ሜዳ ይስላል። በየመሀላቸው እየሄደ አንዲት ነገር ብቻ ይደጋግማል፣ «ያያችሁትን! ያያችሁትን ብቻ!»

ቤታችን እሱ ቆሞ ከሚስልባት ጉብታ ፊት ለፊት ነው። ትንሽ ወንዝ ትሻገራለህ፣ ጥዱ ስር ቆርቆሮ ቤት፣ ከጎኑ የድርቆሽ ክምር፣ በረት። ቤቱን የሰራው የአባቴ አባት ነው፤ ሳር ክዳን ነበር፣ አባቴ ነው ቆርቆሮ ያለበሰው። አባቴ ኦቦ ቱፋ ይባላል። ወተት ለአዲስ አበባ፣ ሳር ለከብት አርቢ እየሸጠ ነው ያሳደገን። ሼባው ሲመጣ ወንዙን ተሻግሮ እርጎ ያመጣለታል።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ጋሽ ዘርይሁን?»

«ነጋ፣ ኦቦ ቱፋ። ዛሬም አስቸገርኩዎት።»

«ምን ችግር አለው፣ እርጎው የላሞቹ ነው። እስቲ ዛሬ የት አደረሱት?»

አባቴ ሸራውን ጠጋ ብሎ ያየዋል። እኔም አየዋለሁ። ሜዳው አለ፣ ጥዱ አለ፣ ወንዟ አለች፣ ላሞቹ አሉ። ቤቱ የለም። የድርቆሹ ክምር የለም። በረቱ የለም። ቤታችን ያለበት ቦታ ላይ ሳር በቅሎበታል።

«ጋሼ፣ ቤታችንስ?» አልኩት መጀመሪያ ያየሁ ቀን።

«ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ ዓይን ይወስዳል። ይሄ ሜዳ ከኛ በፊት እንደነበረው ነው መታየት ያለበት።»

አባቴ ሳቀ። የአባቴ ሳቅ ከሆዱ ነው የሚመጣው። «እንዲህ ከሆነ ዛሬ ማታ ማደሪያ የለኝም በሉኛ! ላሞቹንስ እንዴት ማሩልኝ?»

«ላም ያምራል፣ ኦቦ ቱፋ።»

«ኤዬ፣ እሱስ እውነት ነው። ከኔ ላሞቹ ያምራሉ።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሃያ ጊዜ ቤታችንን ሲያጠፋ ቆመን እያየን፣ እርጎ እያጠጣነው፣ አብረን ሳቅን።

ከዛ ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር መጣ። አዲስ አበባ ሱሉልታንም ቡራዩንም ሰበታንም ልትጠቀልል ነው ተባለ። ገበሬው ሌሊት እንቅልፍ አጣ፤ ተማሪው ወጣ፣ እኛም ወጣን። መንገድ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ የታሰረ ታሰረ፣ የሞተም አለ። ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ይቆማል። ሼባው በዛ መሀል ስልክ ይደውላል። «ገሜ፣ ሳሩ ሊታጨድ ነው፣ ዘንድሮ ካመለጠኝ ዓመት መጠበቅ ነው።» እብድ ነው አልኩ። ግን ሄጄ አመጣሁት፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ።

መሀል ላይ ልጆች ድንጋይ ደርድረው አስቆሙን። ግማሾቹን አውቃቸዋለሁ፣ ግማሾቹን አላውቅም። አንዱ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየና፣ «ይሄ ማነው? ቀያሽ ነው?» አለ። ሼባው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ይዞ ላቡ ይንጠባጠባል።

«የኛ ሰው ነው» አልኩ።

«በምን በኩል?»

«የአባቴን መሬት ስሎ ለሀገር ያሳየ ሰው ነው። ኦቦ ቱፋ ቤት የሚበላ የሚጠጣ ነው። እኔ አለሁ ለሱ።»

ልጁ ትንሽ አሰበና ድንጋዩን በእግሩ ገፋልን። ካለፍን በኋላ ሼባው ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ገሜ፣ ይሄን እስክሞት አልረሳልህም» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ እኛጋ ሰዎች መጡ። ቪላ ሊሰራ የመጣ ድርጅት ነበር፤ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ከወንዟ እስከ ጥዱ ተከሉ። አባቴ የይዞታ ደብተሩን አወጣ። ደብተሩ ላይ እርሻው አለ፣ ቤቱ አልተጻፈም። ያን ጊዜ የመዘገበው ልጅ ጭቃ ፈርቶ ወንዙን ሳይሻገር ነው የጻፈው። ሰዎቹ ደግሞ፣ «ይሄ ክፍት የግጦሽ መሬት ነው፣ ቤቱ ካሳ ለመብላት በቅርቡ የተሰራ ጨረቃ ቤት ነው» አሉ። ጨረቃ ቤት ከተባለ ምትክ ቦታ የለም፣ ካሳ የለም፣ እቃህን ይዘህ መውጣት ብቻ ነው። አያቴ የሞተበትን ቤት ጨረቃ ቤት!

ጎረቤቶቻችን ሊመሰክሩ ሲሉ «ጥቅም አላችሁ፣ ነገሩ የማይነካው ሰው አምጡ» ተባለ። ደስ አለን። ከዚህ የተሻለ ማን አለን? የአካባቢው ሰው አይደለም፣ መሬት የለውም፣ ባለሥልጣን ያከብረዋል፣ ስንት ህዳር ያን ቤት ፊት ለፊት እያየ ቆሟል። ሱሉልታ ውስጥ ቤታችንን እንደሱ አፍጥጦ ያየ ሰው የለም።

አባቴና እኔ ጋሽ ዘርይሁን ቤት ሄድን። ሼባው እንኳን እንቢ ሊል፣ አባቴን አላስጨረሰውም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ኦቦ ቱፋ፣ ይሄ ይጠየቃል እንዴ? ከነበሩኝ ቤቶች አንዱ እኮ ነው። እኔ ነኝ ምስክርዎ» አለ። ስንመለስ አባቴ መንገድ ላይ፣ «ሰው አለን» አለኝ። እንደዛ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

አቤቱታችን የሚሰማበት ስብሰባ ቀን የከተማው አዳራሽ ሙሉ ነው። ስንገባ ከመድረኩ ጀርባ ግድግዳውን ያለበሰ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። የሱ ስዕል ነው። የኛ ሜዳ። የኛ ላሞች። ድርጅቱ ያሳተመው ነው። አባቴ አይቶት ደስ አለው፣ ልብ በሉ፣ ደስ አለው! «ላፋ ኬኛ» አለኝ በጆሮዬ፣ መሬታችን ማለቱ ነው።

ተራችን ሲደርስ አባቴ ተናገረ። ከድርጅቱ የመጣው ሰውዬ፣ ከረባት ያደረገ፣ እየተቅለሰለሰ ተነሳና ወደ ባነሩ አመለከተ። «ዕድለኞች ነን፣ ታላቁ ሰዓሊያችን ዛሬ አብረውን አሉ። ጋሽ ዘርይሁን፣ ይሄን ስዕል የሳሉት መቼ ነው?»

«ይሄ… ቆይቷል። ይሄ ሁሉ ነገር ከመምጣቱ ዓመታት በፊት ነው።»

«የሳሉት እዛው ቦታው ላይ ቆመው ነው? ወይስ ቤትዎ ሆነው በሃሳብ?»

«እዛው ነው። እኔ በሃሳብ አልስልም።»

«እንግዲህ ይሄው ሜዳው። ቤት ይታያል?»

ፊት ወንበር ላይ ተማሪዎቹ ተቀምጠዋል፣ ካሜራ የያዘ ጋዜጠኛም አለ። አንዲት ቃል ናት የምትፈለገው። «ነበር፣ እኔ ነኝ የተውኩት።» በቃ። ሼባው ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያዞረ ስዕሉን ያየዋል። እኛን አላየንም። አንዴ እንኳን ዞሮ አባቴን አላየውም።

«እኔ ያየሁትን ነው የምስለው» አለ። «ዕድሜ ልኬን ያየሁትን ነው የሳልኩት።» ተቀመጠ።

አጨበጨቡለት። እውነቴን ነው፣ ፊት ያሉት አጨበጨቡለት።

አባቴ እንደቆመ ነው። ጣቱን ወደ ባነሩ ቀስሮ ቀስ ብሎ፣ «እነዚህ ሦስት ላሞች ማታ የት ነበር የሚገቡት?» አለ። ሰው ሳቀ። ባለ ከረባቱም ሳቀና፣ «ቀጣይ ጠያቂ» አለ።

እኔ ወንበር ላይ ወጣሁ። «አንተ ውሸታም!» አልኩት፣ «የጠጣኸው እርጎ ከየት ነበር የሚመጣው? ከሰማይ?» አንቱታው እዛ አዳራሽ ውስጥ ነው የቀረው። ፖሊሶች እግሬን ይዘው አወረዱኝ። ሁለት ሳምንት ጣቢያ ከረምኩ። ስወጣ ቤቱ የለም፣ ጥዱም የለም። አባቴና እናቴ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ጠበቁኝ። ላሞቹን ጫንጮ ላለ ዘመድ ሰጥተዋቸዋል። አባቴ በሩ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ያያል። ጠዋት ተነስቶ የሚያልበው የለም፣ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶታል።

አንድ መንገድ ቀርቶን ነበር፣ ይግባኝ። ማመልከቻ ጻፊው አጠር አድርጎ ጻፈልን፤ «ቤቱ ስዕሉን በሳልኩበት ጊዜ ነበረ፣ ለስዕሉ ማማር ስል ትቼዋለሁ» ይላል። ከስሩ የጋሽ ዘርይሁን ፊርማ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቀነ ገደቡ የሚያልቅ ቀን ጠዋት ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ቤቱ ሄድኩ። አባቴ «ተወው» ብሎኝ ነበር። ሼባው በሩን ከፈተልኝ። ከስቷል። ፂሙ አድጓል።

«ገሜ፣ ግባ…»

«አልገባም። አንተ ውጣ። ባጃጅ ውስጥ ግባ።»

ምንም አልተከራከረም። ግን ማቆሚያውንና የቀለም ሳጥኑን አንስቶ ነው የወጣው። ልማድ ነው መሰለኝ።

ጉብታዋ ላይ አወጣሁት። ቤታችን የነበረበት ቦታ ጥቁር አፈር ተገልብጧል፣ የዶዘሩ ሰንሰለት ዱካ አለበት፣ ከጥዱ ጉቶው ብቻ። የቀረው ሜዳ እንዳለ ነው፤ እንጦጦም ሰማያዊ። ሼባው ባርኔጣውን አወለቀ። ብዙ ቆመ። የሚያለቅስ መሰለኝና ልቤ ራሱ ትንሽ ራራ። ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበው።

«ቤት ነበር አልነበረም?» አልኩት።

«ነበር።»

«እሺ ፈርም።»

«ገሜ፣ ይሄ ከወጣ እያንዳንዱን ስዕሌን ‹እዚህስ ጋ ምን አጥፍቶ ነው?› ይሉታል። ዕድሜዬን ሙሉ ነው። ያስተማርኳቸው ልጆች…»

«የኛስ ዕድሜ?»

ወረቀቱን መለሰልኝ። «እፈርማለሁ» አለ፣ «እፈርማለሁ። ቆይ ብቻ፣ ይሄ ብርሃን አይቆይም። ይሄን አፈር ልያዘውና እፈርማለሁ።» ማቆሚያውን ዘረጋ።

ምን ልበላችሁ፣ ጠበቅኩት። እስክሪብቶውን ከፍቼ ይዤ ሳሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። የተገለበጠውን አፈር ነው የሚስለው፣ እንዲያውም አሳምሮ። እኩለ ቀን አለፈ። «ቢሮ ይዘጋል» አልኩት። «ትንሽ» አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ወረቀቱን ፊቱ ላይ አደረግኩለት። ሁለት እጁን ገልብጦ አሳየኝና፣ «ቀለም ነው፣ ወረቀቱን አበላሽብሃለሁ» አለ። ወደ ሸራው ዞረ።

ባጃጄን አስነሳሁና እዛው ጥዬው ሄድኩ። ብርዱ ይብላው አልኩ፣ ጅብም ይብላው አልኩ።

አባቴ በሩ ላይ ነው። «ፈረመ?»

«አልፈረመም። እዛው ሜዳ ላይ ጥዬው መጣሁ።»

ተነስቶ ቆመ። «ሽማግሌ ሰው? ሊመሽ ሲል? በዚህ ብርድ?»

«አባ፣ እሱ እኮ ነው ቤታችንን…»

«ዴቢኢ! ተመለስና አምጣው። እሱ የሰራውን እሱ ያውቃል። አንተ ግን የኔ ልጅ ነህ።»

ተመለስኩ። ቢሮው ከተዘጋ ቆይቷል። መንገዱን ሙሉ የምለውን አዘጋጅቻለሁ፤ ስድብ በአማርኛ፣ ስድብ በኦሮምኛ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ አንድ ስንዝር ቀርቷታል። እንደተውኩት ቆሟል። ከኋላው ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። መሄዴን አላወቀም፣ መምጣቴንም አላወቀም።

ዞር ሳይል በግራ እጁ ገፋ አደረገኝና፣ «ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ፣ ጥላህ ሸራዬ ላይ መጣ» አለኝ።